ነዳጅ ሲረገጥ የሚመጣው ድምፅ

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

የታማሚ ስም፦ የኢንባር ነጭ መኪና። ዕድሜ፦ አሥራ አራት ዓመት። ሕመም፦ ነዳጅ ሲረገጥ ትጮኻለች፤ እግር ሲነሳ ዝም ትላለች። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይብስባታል።

ይህን ደብተር የያዝኩት ለዚሁ ነው። መካኒክነት ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ልጅ ሳለሁ ጎንደር የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ያየሁትን፣ እዚህ ሃይፋ ደግሞ ሰው የጣለውን መኪና ፈትቼ ያወቅሁትን እየጻፍኩ ራሴን አስተማርኩ። ጠዋት ወደቡ አጠገብ መጋዘን እጠብቃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ክርያት ሐይም፣ የሕንጻችን ግቢ ውስጥ የዘመድ መኪና አክማለሁ። የራሴን መኪና አምና ፈትቼ ለሌሎች ስላከፋፈልኳት እኔ በብስክሌት ነው የምሄደው።

ኢንባር የእኅቴ የድንቄ ልጅ ናት። መዋዕለ ሕፃናት ትሠራለች። ዛሬ መኪናዋን ስታመጣ ሁለት ጎረቤቶች በመስኮት ብቅ አሉ።

"ዶድ፣ ትራክተር ሆነች እኮ" አለችኝ። ዶድ የምትለኝ አጎቴ ለማለት ነው፤ እዚህ ተወልዳ አማርኛዋ ግማሽ ነው።

"ትራክተር አይደለችም። ሳታገቢ ቆየሽባትና ለሰፈሩ እየለፈፈችልሽ ነው።"

"ዳይ፣ በቃህ፣ ዶድ" ብላ ቁልፉን ወረወረችልኝ።

ድንቄ ባለፈው ረቡዕ የግራ ዓይኗን ሞራ ተገፍፋለች። ጥቁር መነጽር አድርጋ በረንዳ ላይ ስትቀመጥ የፊልም ተዋናይ መስላለች። ይህንኑ ነገርኳት። "አንተን አጥርቼ ልይህ ብዬ ነው የተሠራሁት። አሁን ሳይህ ግን ሐኪሙን የድሮውን መልስልኝ ልለው ነው" አለችኝ።

ወንድማችን ካሣዬ ትናንት ሰንበት እንደ ወጣ ከጎንደር ሦስት ጊዜ ደውሎ ነበር። እጄ ግራሶ ነበር። ነገ እደውልለታለሁ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

ኮኮብ ከጎንደር ደወለች። የካሣዬ ልጅ። መጋዘኑ በር ላይ ነበርኩ።

ካሣዬ ትናንት ጠዋት ዐርፏል። ቁርስ ሊበላ እንደ ተቀመጠ። ልብ ነው ይላሉ። ትናንቱኑ ተቀብሯል። መስመር ጠፍቶ ነው የዘገየችው። እኔን ታጽናናኝ ጀመር፤ እኔ እሷን ማጽናናት ሲገባኝ።

የጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል። ከፈትኩለት።

ድንቄ እንዳትሰማ። ዓይኗ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ከሥራ ወጥቼ ነሸር ወጣሁ፣ አባ ውድነህ ዘንድ። ሽማግሌያችን ናቸው፤ በዚህ አካባቢ ያሉ የጎንደር ሰዎች መርዶ ያለ እሳቸው አይነግሩም።

"እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ። ድንቄ ሰምታለች?"

"አልሰማችም፣ አባ። ዓይኗን ተሠርታለች።"

"ሐኪሙ ምን አለ?"

"እንዳትጎነበስ፣ ዓይኗን እንዳትነካ፣ እንዳትጨነቅ። እስከ ኖቬምበር 18 ምርመራ ድረስ።"

"የእኛ መርዶ ሦስቱንም ያስደርጋል" አሉ። "ዓይኗ ይዳን። ለቅሶ የትም አይሄድም፤ ይጠብቃል። በዓመቱም ቢሆን መርዶው ሲነገር ያን ጊዜ ይጀመራል። አንተም ያን ጊዜ አብረሃት ትቀመጣለህ።"

በ19 ጎህ ሲቀድ፣ እንደ ወጉ፣ ሽማግሌዎች ቤቷ ገብተው ሊነግሯት ተስማማን። በማግስቱ የቤተ እስራኤል በዓላችን፣ ስግድ ነው። ኢየሩሳሌም ብትሄድ አገር ሁሉ እዚያ ነውና ሰው ሊያጽናናት ይመጣል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት መሆን አለበት። በዚያ ሰዓት ከነሸር አውቶቡስ የለም። ሽማግሌዎቹን በኢንባር መኪና የማመጣቸው እኔ ነኝ።

"ታክሲ አለ እኮ" አሉ የአባ ውድነህ ባለቤት።

"መርዶ በታክሲ? ሹፌሩም አብሮን ሊያለቅስ ነው?" አልኩ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ካሣዬ ታላቃችን ነበር። እኔና ድንቄ በ1991 ስንመጣ ሚስቱ አራስ ስለ ነበረች "እናንተ ሂዱ፣ ቀጥዬ እመጣለሁ" ብሎ ቀረ። ሠላሳ አራት ዓመት ጎንደር ተራ ጠበቀ። ለኢንባር ዛሬ ነገርኳት። ከልጅነቷ ጀምሮ በስልክ ብቻ የምታውቀው አጎቷ ነው። አለቀሰችና ፊቷን ታጥባ እናቷ ዘንድ ገባች። ከእኔ የተሻለች ተዋናይ ናት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

በሽታዋን አገኘሁት። ልጻፈው።

ቺንጋው አይደለም፤ ቺንጋ ያፏጫል፣ ይህ ግን ያጉረመርማል። የጎማው ኩሽኔታም አይደለም፤ እሱ ቢሆን እግር ቢነሳም መኪናዋ እስከ ሮጠች ድረስ ድምፁ ይቀጥል ነበር። ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ደህና ናቸው። ሞተሩን አስነስቼ የማርሚታውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ስይዘው ከፊት በኩል እፍፍ አለ። ከሥር ገባሁ። ማርሚታው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት፣ በሽቦ የተጎነጎነው ተጣጣፊ ቱቦ ተሰንጥቋል። ዙሪያው ጥቀርሻ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ጭሱ ይበዛና በስንጥቁ ይጮኻል፤ እግር ሲነሳ ያንስና ዝም ይላል። ሲሞቅ ብረቱ ስለሚሰፋ ስንጥቁ ጠበብ ይላል።

ሥራው፦ ሁለት ቡሎን በፊት፣ ሁለት በኋላ። አንድ ሰዓት አይፈጅም። ቱቦው ሊኦን ጋራዥ አለ።

ኢንባር መጥታ "እሺ፣ ምን ሆና ነው?" አለችኝ።

"ገና ነው። ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል።"

አንድ ነገር አይቶ መደምደም የጀማሪ ሥራ ነው። ለጥንቃቄ ነው እንዲህ ያልኳት። ጭሱ ወደ ውስጥ ስለሚገባ አትንጃት አልኳት፤ ይህ እውነት ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ከሰንበት በቀር በየቀኑ ከመኪናዋ ሥር ነኝ። ካርቶን አነጠፍኩና አነሳሁት፤ ሲሚንቶው ይሻላል፣ ጀርባ ያቀናል።

የታችኛው ቤት ሚሪያም ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ጎንበስ አለች። "አባተ፣ እጅህ አይንቀሳቀስም። ተኝተህ ነው የምትሠራው?" አለችኝ በእብራይስጥ።

"ብረት እያዳመጥኩ ነው።"

"ምን አለህ?"

"ሚሪያም ወሬ ታበዛለች አለኝ።"

የሥራ ልብሴ ደረቱ ላይ ተቀዷል። ቡሎን ይዞት ነው። ሌላ አለኝ፤ ግን ይኸኛውን እለብሳለሁ። ጢሜም አድጓል። ድንቄ አይታ "ቄስ ልትሆን ነው?" አለችኝ። መላጫዬ ጠፋ አልኳት።

ዛሬ ሰባት ቀን ሞላ፤ መኪናዋ ከቆመች ማለቴ ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ድንቄ ወጥ ልካልኝ ሳህኑን ልመልስ ወጣሁ።

"ካሣዬ ስልኩን ለምን አያነሳም?"

"መስመር የለም እታለም። ጎንደር መቼ መስመር ኖሮ ያውቃል?"

"ትናንት ግን ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ።"

"ካሣዬ እኮ ስልክ ሲጠራ ሬዲዮ ነው ብሎ ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል እንጂ አያነሳውም።"

ሳቀች። ከልቧ ሳቀችና እጇን መነጽሯ ላይ አድርጋ "አታስቀኝ፣ እንባዬ መጣ፤ ዓይኔን ታጠፋዋለህ" አለች።

ከዚያ ከመኝታ ቤት ሹራብ አመጣች። ሰማያዊ። አንድ ሰው ወደ ጎንደር የሚሄድ አለ ተብላ ለካሣዬ ገዝታ ነው። "ትከሻችሁ አንድ ነው፤ ልበሰውና ልየው።" ለበስኩት። ዙር አለችኝ፣ ዞርኩ። እጅጌውን ሳብ ሳብ አደረገች። ልክ ነው።

አሁን ቤቴ ነኝ። ያ ቀልድ ጥሩ ነበር። የሚያስጠላኝም ጥሩ መሆኑ ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

መኪናዋን ወደ ግድግዳው ልናስጠጋ ኢንባር ስታስነሳት ሊኦን በዚያ ሲያልፍ ነበር። ከኦዴሳ የመጣው፣ የማርሚታ ጋራዥ ያለው እሱ ነው። ቆመ።

"አባተ፣ ተጣጣፊው ቱቦ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሰማሁት። ሁለት ሳምንት ምን ትሠራለህ?"

"አንተ የምትሰማው በኦዴሳ ጆሮ ነው። እኔ ጎንደር ድረስ ነው የምሰማው።"

ሳቀ። ዞሮ ለኢንባር ቀስ ብሎ ሲነግራት ግን ሰማሁት፦ "አጎትሽ ይህን ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። ደህና ነው?"

ኢንባር አየችኝ። "ሌላም ነገር አላት" አልኩ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ኢንባር ቱቦውን ራሷ ገዝታ አመጣች። ከነካርቶኑ መሣሪያ ሳጥኔ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ወደ ሥራ በባቡር ነው የምትሄደው። ዝናብ ጀምሯል።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ምርመራ። ድንቄ እኔ ካልወሰድኳት አለች፤ ሚኒባስ ለምነን ሄድን።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ብርሃን አብርቶ አየና "በጣም ጥሩ" አለ።

"ማልቀስ ትችላለች?" አልኩት።

ድንቄ ዞር ብላ "ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?" አለችኝ በአማርኛ።

"ቀልዴን ሰምተሽ በሳቅ ብታለቅሺስ ብዬ ነው።"

ሐኪሙ "የፈለገችውን ታልቅስ" አለ። ድንቄ ይህን በደንብ ሰማችው፤ ደስ ብሏት ወጣች።

አባ ውድነህ ማታ ላይ ደወሉ። "እንግዲህ ነገ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተዘጋጅተን እንጠብቅሃለን።"

"መኪናዋ አትነሳም፣ አባ።"

"እስካሁን? ምን ሆና?"

"ሞተሯን ፈትቻታለሁ።"

"አባተ፣ ከነገ ወዲያ ስግድ ነው።"

"ስግድ አትሄድም። እኔ አስቀራታለሁ። ከስግድ በኋላ ይሁን።"

"እሺ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ወንድሟ አንተ ነህ" አሉ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በባትሪ ብርሃን ወርጄ የሞተሯን የላይኛውን ክፍል ፈታሁት። ያልኩት ውሸት እንዳይሆን።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ስግድ።

ትናንት የአውቶቡሱን ስም ዝርዝር ለያዘው ለይሁዳ ደውዬ "ድንቄ ሐኪም ከልክሏታል" አልኩት። ስሟን ሰረዘው። ለድንቄ ደግሞ "አውቶቡሱ ሞልቷል፣ የኢንባር መኪናም አልደረሰችም" አልኳት። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ተንኮል ሠርቼ ሳምንት እስቅበት ነበር።

ጠዋት ስሄድ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ጾማ፣ በረንዳ ላይ ቆማለች።

"ይቺን አገር ከረገጥኩ አንድም ስግድ ቀርቼ አላውቅም" አለች። "መኪና አበላሽተህ አስቀረኸኝ።"

"የሚቀጥለው ዓመት በአውሮፕላን እወስድሻለሁ።"

አልሳቀችም። በኢየሩሳሌም በኩል ዞረች፤ ከዚህ የሚታየው የጎረቤት ሕንጻና ልብስ ማስጫ ብቻ ነው። ለሕመምተኛው፣ ለወታደሩ ጸለየች። ከዚያ ጎንደር ለቀሩት። "ወንድሜን ካሣዬን በዓይኔ አሳየኝ። ዓይኔን የሰጠኸኝ ለዚያ ይሁን" አለች። እጇን ዘርግታ ቆየች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፤ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

አሜን አልኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ኢንባር ከሥራ ስትመለስ ከመኪናዋ አጠገብ እርጥብ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች።

"ዶድ፣ ኢማ፣ እናቴ፣ ዛሬም ስለ ካሣዬ ጠየቀችኝ። እኔ ከዚህ በላይ አልችልም። ዓይኗ ድኗል። ስግድ አልፏል። ቱቦው እዚህ ነው። ምንድን ነው የምትጠብቀው?"

"የተፈታውን እስክገጥም ነው።"

"ማን ፈታው?"

ሐሙስ ማታ መኪናዋን በመጎተቻ ለሊኦን እሰጣለሁ ብላኛለች። እስከ ሐሙስ ስጪኝ አልኳት። ቤሰደር፣ እሺ፣ አለችና ገባች። ወደ ኋላ አላየችም።

አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ይህን አንድ ቦታ ላይ ልጻፈው፤ ደብተሩን የሚያነብ የለም።

ካሣዬ በዚያ ቅዳሜ ማታ የደወለው ለምን እንደ ሆነ አውቃለሁ። ወደዚህ ለሚመጣበት ማመልከቻ የእኔና የድንቄ ወረቀት ያስፈልገው ነበር፣ ወንድማችን መሆኑን ፈርመን የምንመሰክርበት። የድንቄ አልቋል። የእኔ በነሐሴ ነው የደረሰኝ። መሳቢያ ውስጥ ነው። ሥራ አስፈቅዶ ወረፋ መያዝ ነበረብኝ። "በሚቀጥለው ሳምንት" እለው ነበር። አንድ ቀን ጠንከር አድርጎ ሲጠይቀኝ "ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቅህ ሰው ሳምንት ምን ይልሃል?" ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀልኝ። እሱ ምንጊዜም ይስቅልኝ ነበር።

ያን ማታ ስልኩ ሲጠራ ስሙን አየሁት። መጀመሪያ ሲጠራ እጄ ግራሶ ነበር። ሁለተኛው ላይ እየታጠብኩ ነበር። በሦስተኛው ንጹሕ ነበር።

መርዶ ከተነገረ በኋላ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "በመጨረሻ ምን አለ?" ብሎ ነው። ድንቄ ትጠይቃለች። የምትጠይቀውም እኔን ነው።

ይህ ግን ከመኪናዋ ጋር አይገናኝም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ሰማች።

ያው ሐሙስ፣ ማታ

የዓይን ጠብታዋ አልቆ ወደ ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ብቻዋን በአውቶቡስ ሄዳ ነበር። መኪና ቢኖር ኢንባር ትወስዳት ነበር። ስትመለስ የነሸሯ ስንዱ አውቶቡሱ ውስጥ አገኘቻት። ስንዱ ክፉ ሴት አይደለችም። ከሞተ ወር ያለፈው ሰው መርዶው አልተነገረም ብሎ ማን ያስባል? አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛ፣ "ድንቅዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለቅሶሽ ላይ ሳልቆም ቀረሁ፤ ስለ ካሣዬ የሰማሁት ቆይቼ ነው፣ ይቅር በይኝ" አለቻት።

እኔ ከመኪናዋ ሥር ነበርኩ። ጫማዋ ጎማው አጠገብ መጥቶ ቆመ።

"አባተ።"

"እታለም፣ አቧራ ዓይንሽ ውስጥ እንዳይገባ ወዲያ ብትይ…"

"ካሣዬ ከተቀበረ ስንት ቀኑ ነው?"

መፍቻው እጄ ላይ ነበር። ቀልድ ፈለግሁ። እውነቴን ነው፤ ቁልፍ እንደ ጠፋበት ሰው ኪሴን ሁሉ በሐሳቤ ደባበስኩ።

"ሠላሳ ሦስት" አልኩ።

"አንተ መቼ ሰማህ?"

"በማግስቱ።"

ጫማዋ አልተንቀሳቀሰም።

"ስንዱ ስትነግረኝ ስድስት ፌርማታ ይቀረኝ ነበር" አለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። "'እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ' አልኳት። ከዚያ ምን ላድርግ? ጠብታዬን ጭኔ ላይ ይዤ ስድስት ፌርማታ ሄድኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ወታደር ልጅ 'ጌቬሬት፣ እመቤቴ፣ ውሃ ልስጥሽ?' አለችኝ። እሷ ናት ያስለቀሰችኝ።"

"እታለም፣ ሐኪሙ…"

"ሐኪሙን አስፈቅደህልኝ የለም እንዴ። እዚያው ነበርኩ።"

ውጣ አላለችኝም። ጫማዋ ዞሮ ሄደ። የደረጃው በር ሲዘጋ ሰማሁ። እኔም አልወጣሁም። ኢንባር ከሥራ ስትመጣ ነው እግሬን ነክታ ያስወጣችኝ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 28

ሥራ አልሄድኩም። በጠዋት ጀመርኩ። ሁለት ቡሎን በፊት፣ ሁለት በኋላ። ዝጎ ነበርና ዘይት አጠጣሁት። የተሰነጠቀውን አወጣሁ፣ አዲሱን ከነማሸጊያው ገጠምኩ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ለከንቱ የፈታሁትን ሞተር መልሶ መግጠም ሦስት ሰዓት ወሰደ። ኢንባር ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም አየች። ስጨርስ አስነሳችና ነዳጅ ረገጠች። ድምፅ የለም። አጥፍታ ወረደች። አመሰግናለሁ አላለችም፤ ልትልም አይገባትም።

ከዚያ ስለ ሺቫው፣ ስለ ሰባቱ ቀን ለቅሶ፣ ለሰፈሩ ረቢ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው። ረቢው ጥሩ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። የሞተውን ቀን ጠየቀ፣ የተሰማበትን ቀን ጠየቀ። ቆጠረ።

"ሠላሳ ቀን ካለፈ በኋላ የሰማ ሰው ሰባት አይቀመጥም" አለ። "አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ጫማ አውልቆ፣ መሬት ላይ፣ አንድ ሰዓት። ከዚያ ይነሳል።"

ድንቄ ሶፋው ላይ ሆና ሰማችው። ሠላሳው ቀን ያለፈው ሰኞ ነው። ሰኞ ኢንባር እርጥብ መሬት ላይ ተቀምጣ እየለመነችኝ ነበር።

"ወንድሟስ?" አለች ኢንባር። "እሱ የሰማው በማግስቱ ነው። ግን አልተቀመጠም።"

"እሱ ሰባት ነበረው። ሠላሳው ሳያልፍ ቢሆን ይቀመጥ ነበር። አሁን ግን ጊዜው አልፏል።"

"አንድ ሰዓትም የለውም?"

"የለውም። አዝናለሁ።"

ኢንባር ሁለት ጊዜ ደግማ ጠየቀችው። ሁለት ጊዜ ያንኑ መለሰ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 30

በጠዋት ነሸር ሄጄ አባ ውድነህን አመጣሁ። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ረገጥኩ፤ መኪናዋ ዝም። የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ይሰማል። ድሮ ብትሆን በዚህ ዳገት ሰው ከሰው አይደማመጥም ነበር።

ረቢው ያለውን ነገርኳቸው። "ለቅሶ ይጠብቃል ብዬህ ነበር። እኔም በአገሬ ልክ ነው የነገርኩህ" አሉ። "ሦስት ሳምንት ያልኩህን አምስት ያደረግኸው ግን አንተ ነህ። ለምን?" የዝናብ መጥረጊያውን አፈጠንኩት። ደግመው አልጠየቁኝም።

ቤት ስንገባ ድንቄ ተዘጋጅታለች። አባ ውድነህ "ልጄ፣ በአባቶችሽ ልማድ ሰባት ተቀመጪ። ሰው ይምጣ፣ ይወጣልሽ" አሏት።

"አይሆንም አባ" አለች። "ሰባት ቀን ሰው ፊት ተቀምጬ 'መቼ ሰማሽ? ማን ነገረሽ?' ሲሉኝ ምን ልበል? ረቢው አንድ ሰዓት ካለ አንድ ሰዓት ነው።" ይህን ስትል እኔን አላየችኝም። ያን ጊዜ ነው ለእኔ ብላ እንደ ሆነ የገባኝ።

ጫማዋን አውልቃ ሳሎኑ መሬት ላይ ተቀመጠች። ኢንባር ስልኳ ላይ ሰዓት ያዘች። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ፤ የት እንደምቆም አላውቅም ነበር፤ እንደ እንግዳም አይደለሁ፣ እንደ ሐዘንተኛም አይደለሁ። ድንቄ ዝግ ብላ ሙሾ ጀመረች። ካሣዬ ጎጆ ሲሠራ፣ ካሣዬ እኛን ሊሸኝ ሲወጣ፣ ካሣዬ ቀጥዬ እመጣለሁ ሲል። አባ ውድነህ አጎንብሰው አለቀሱ። ኢንባር ቃሉን ሁሉ ባታውቀውም አለቀሰች።

በመሐል ድንቄ ድምፅዋን አቆመችና ኢንባርን "ስንት ደረሰ?" አለቻት።

"ሠላሳ ደቂቃ፣ ኢማ።"

"ግማሹ የእሱ ነው" አለች። ከዚያ ወደ በሩ ሳትዞር፣ "ና፣ ተቀመጥ።"

"ኢማ፣ ረቢው እኮ…"

"ረቢው ለእኔ አንድ ሰዓት ሰጠኝ። የእኔ ነው። ለማን እንደማካፍለው አልጠየቀኝም።"

ጫማዬን አውልቄ ሄድኩ። ትንሽ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችልኝ። ተቀመጥኩ። ትከሻዋ ትከሻዬን ነካው፤ አልሸሸችም፣ አልተደገፈችብኝምም።

"በመጨረሻ ምን አለ?" አለችኝ።

"አላውቅም እታለም። ደወለልኝ። አላነሳሁለትም።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሦስት ጊዜ።"

"ሥራ ላይ ነበርክ?"

"መጨረሻው ላይ አልነበርኩም። ወረቀቱን ይጠይቀኛል ብዬ ነው።"

ኢንባር ስልኩን ይዛ ወለሉን አየች። ድንቄ ሙሾውን ከተወችበት ቀጠለች፤ ስሜን ግን አስገባችበት። ወንድሙ ያላነሳለት አላለችም። ታናሽ ወንድሙ፣ ሲስቅለት የኖረ፣ አባተ፣ አለች። ያን ጊዜ ነው ወር ሙሉ ያልመጣው የመጣብኝ። እንዴት አድርጌ እንዳለቀስኩ አልጽፍም።

ስልኩ ጠራ። ሰዓቱ አልቋል። ድንቄ በሕጉ መሠረት ተነሳች፣ ጫማዋን አደረገች፣ መነጽሯን አጠለቀች፣ ለአባ ውድነህ ሻይ ልታፈላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ውሃው ሲቀዳ፣ ኩባያ ሲወርድ ሰማሁ።

እኔ ከመሬቱ አልተነሳሁም። ማንም ተነስ አላለኝም።